«ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ» ምን ማለት ነው?

«በመጀመሪያው ገቢር ግድግዳ ላይ ጠመንጃ ከሰቀልህ፣ በመጨረሻው መተኮስ አለበት።»

ስለ ተውኔት አጻጻፍ ጥቂት ያነበበ ሰው ይህን አባባል ያውቀዋል፤ ገቢር ማለት የተውኔት አንድ ዐቢይ ክፍል ነው። አባባሉ ከመድረክ ወርዶም ሩቅ ተጉዟል። ድንበር ላይ ጦር ስለሚያከማች መንግሥት ሲወራ፣ ወይም አንድ ሰው በስብሰባ መካከል ጣል ያደረጋት ቃል ስትከነክን፣ «የቼኾቭ ጠመንጃ ናት» የሚል አይጠፋም። ብዙዎች ታዲያ አባባሉ ስለ ተኩሱ የሚናገር ይመስላቸዋል። እኔ ግን ስለ ሰቀላው ነው ባይ ነኝ።

የአባባሉ ባለቤት ሩሲያዊው ሐኪምና ጸሐፌ ተውኔት አንቶን ቼኾቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ላዛሬቭ ግሩዚንስኪ ለተባለ ጸሐፊ ወዳጁ፣ ስለ አንድ አጭር አስቂኝ ተውኔቱ አስተያየቱን በደብዳቤ ላከለት። ማንም ሊተኩሰው ካላሰበ በቀር ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ መድረክ ላይ ማኖር አይገባም አለው። ያንን ተከትላ በሩሲያኛ ሁለት ቃል ብቻ የሆነች ዓረፍተ ነገር አለች፤ ተስፋ መስጠት አይገባም የምትል። አባባሉን የሚጠቅሱ ሰዎች ይህችን ቁራጭ ሲያነሷት እምብዛም አይሰማም፤ የነገሩ ቁልፍ ግን እርሷ ናት።

ይበልጥ የሚገርመው ሌላ ነው። በዚያ ደብዳቤ «ጠመንጃ» የተባለው የጦር መሣሪያ አልነበረም፤ መነባንብ ነበር። በወዳጁ ተውኔት ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ለብቻው የሚያሰማው፣ ቼኾቭ ከተቀረው ታሪክ ጋር አልገጥም ያለው ንግግር። አባባሉ ገና ሲወለድ ጀምሮ ምሳሌ ነበር ማለት ነው።

ሰውየውን የሚያውቁ ሰዎች በኋላ ከአንደበቱ ሰማን እያሉ ደጋግመው ጽፈውታል። ቼኾቭ በሞተበት በ1904 የወጣው ትዝታ ሽጉጥንና ገቢርን ይጠቅሳል። በ1911 የታተመው ደግሞ ጠመንጃና ምዕራፍ ይላል፤ የማይተኮስ ከሆነ መሰቀልም የለበትም ብሎም ይጨምርበታል። መሣሪያው ይለዋወጥ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ የመጨረሻዋ ጭማሪም ትእዛዙ አውርደው እንጂ ተኩሰው እንዳልሆነ በግልጽ ታሳያለች።

ደንቡ ለምን በተውኔት ላይ እንዲህ ጥብቅ ሆነ? ልብ ወለድ ጸሐፊ አንድን ክፍል ሲስል አርባ ዕቃ ቢዘረዝር አንባቢ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ያልፈዋል፤ የሳተው ነገር ቢኖርም ገጹን መልሶ ይገልጣል። ተመልካች ወደ ኋላ የሚገልጠው ገጽ የለውም። መድረኩ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ደግሞ ሰው ተሸክሞ ያመጣው ነው፤ በራሱ የበቀለ የለም። መጋረጃው ሲከፈት ተዋንያኑ ገና ሳይገቡ ዓይን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይለቅማል። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮት፣ ጠመንጃ። ዓይን እዚያ ላይ ይቆማል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚባለው ለመድረክ ዕቃም ይሠራል፤ አንዴ የታየን ነገር አላየሁትም የሚል ተመልካች አይገኝም።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን ሊመጣ ያለን ነገር አስቀድሞ በምልክት መጠቆምን ንግርት ይሉታል። ንግርት በተመልካቹ ላይ የሚያሳድረው ጉጉትና ሥጋት ደግሞ ልብ ሰቀላ ይባላል። ይህን ስም ያወጣለትን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር፤ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የተመልካቹም ልብ አብሮት ይሰቀላልና።

ይሁንና መድረክ ላይ የሚታይ ሁሉ ንግርት አይደለም። አንዳንዱ የመቼት ንብረት ነው። «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዱት ይህ ቃል ታሪኩ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ ያመለክታል። የተውኔቱ መቼት የጦር ሰፈር ከሆነ ሃያ ጠመንጃ ቢደረደር የማንም ልብ አይሰቀልም፤ የጦር ሰፈር ጠመንጃ አለዋ! ያው ጠመንጃ ብቻውን ከሕፃን አልጋ በላይ ቢሰቀል ግን አዳራሹ ትንፋሹን ይውጣል። ዕቃው አንድ ነው፤ ሥራውን የሚወስንለት በዙሪያው ያለው ነው። «ታዲያ ወንበሩስ የማን ራስ ላይ ሊሰበር ነው?» እያሉ በአባባሉ የሚያላግጡ ሰዎች ይህን ልዩነት ዘልለውታል።

አንድ ጊዜ የአንድ ጀማሪ ረቂቅ ለማንበብ ተሰጠኝ። በመጀመሪያው ገቢር እናትዬዋ ሦስት ጊዜ ትስላለች። በሦስተኛው ላይ መሐረቧን አፏ ላይ ታደርግና ልጇ ሳያያት አጥፋ ትደብቀዋለች። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ገቢር መጣ፣ ሦስተኛው መጣ፣ ሠርግ ተደገሰ፣ እናትዬዋ ዘፈነች፣ ተውኔቱ አለቀ። መሐረቡ የት ገባ? ጸሐፊውን ስጠይቀው «ልጇ ሲናገር ተዋናይዋ ዝም ብላ እንዳትቆም የምትሠራው ነገር ልስጣት ብዬ ነው» አለኝ። ለእርሱ ሥራ መስጠት ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ገቢር ሙሉ ቀብሯን ስጠብቅ ነበር።

ቼኾቭ ራሱ ጠመንጃውን እንዴት እንደያዘው ማየት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው «የባሕር ወፍ» ሁለተኛ ገቢር ላይ ወጣቱ ትሬፕሌቭ ጠመንጃና የገደላትን ወፍ ይዞ ይገባል። ወፏን ከሚወዳት ልጅ እግር ሥር ያኖርና በቅርቡ ራሱንም እንዲሁ እንደሚገድል ይነግራታል። ከዚህ በላይ የተሰቀለ ጠመንጃ አይኖርም። ተመልካቹ ታላቅ የሞት ትዕይንት ይጠብቃል። በአራተኛው ገቢር ሰዎች ጨዋታ ላይ ናቸው፤ ያቺው ወፍ በገለባ ተሞልታ ወጥታ የወጣቱ እናት ፍቅረኛ ለሆነው ደራሲ ለትሪጎሪን ትታያለች፤ እርሱም እንዲሞሏት ያዘዘው ራሱ ሆኖ ሳለ አላስታውስም ይላል። በዚያች ቅጽበት ከመድረኩ ጀርባ ተኩስ ይሰማል። ሐኪሙ ዶርን ወጥቶ ይመለስና ከመድኃኒት ዕቃው ውስጥ የኤተር ጠርሙስ ፈንድቶ ነው ብሎ የወጣቱን እናት ያረጋጋል። ከዚያ መጽሔት የሚያገላብጥ መስሎ ትሪጎሪንን ፈቀቅ ያደርገውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናትየውን ከዚህ ውሰዳት፣ ልጁ ራሱን ገድሏል ይለዋል። መጋረጃ። የሴራው ጡዘት፣ ውጥረቱ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ፣ በሹክሹክታ አለፈ። ቃሉ ተፈጽሟል፤ አፈጻጸሙ ግን ማንም በጠበቀው መንገድ አልነበረም።

የመጨረሻ ተውኔቱ በሆነው፣ በ1904 ለመድረክ በበቃው «የቼሪ አትክልት ስፍራ» ደግሞ ሕጉን የጣሰ ይመስላል። በሁለተኛው ገቢር አንዲት ሴት ጠመንጃ ይዛ ትታያለች፤ ዬፒኾዶቭ የሚባለው የርስቱ የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ልኑር ወይስ ራሴን ልግደል የሚለው ነገር አልለይልህ ስላለው ሽጉጥ ከጎኑ እንደማይለይ ይናገራል። ሁለቱም አይተኮሱም። አንዳንዶች ይህን ይዘው «የራሱን አባባል ራሱ አፈረሰው» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። የዬፒኾዶቭ ሽጉጥ የሚያስቀው ስለማይተኮስ ነው፤ የሰውየው ጠባይ መግለጫ እንጂ ንግርት አይደለም። የጎረሰው ጠመንጃ ከመጀመሪያው ገቢር ጀምሮ ሌላ ቦታ ተሰቅሏል። ነጋዴው ሎፓኺን ለቤቱ ባለቤቶች ርስታቸው ነሐሴ 22 ቀን በሐራጅ እንደሚሸጥ ይነግራቸዋል። እነርሱ ስለ ድሮ ቁም ሣጥን ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ገንዘብ ይበትናሉ። ሦስተኛው ገቢር የሚውለው ያን ዕለት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ዳንስ አለ። ሎፓኺን ከሐራጁ ተመልሶ ይገባና እኔ ገዛሁት ይላል። ተውኔቱ ሲዘጋ ከሩቅ የሚሰማው ዛፎቹን የሚቆርጠው መጥረቢያ ነው።