«ካፕል ኦፍ ዴይስ» ስንት ቀን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት መኪናዬ ተበላሽታ ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ኤ ካፕል ኦፍ ዴይስ» አለኝ። ትምህርት ቤት «ካፕል» ማለት ጥንድ ነው፣ ባልና ሚስት ነው ተብዬ ስለተማርኩ ሁለት ቀን ብዬ ያዝኩ። ቀኑ ሰኞ ነበር። ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ሄድኩ። መኪናዬ አራቱም ጎማዋ ተፈትቶ ከመሬት ከፍ ብላ ተሰቅላለች፤ ብሎኖቿ ከሥሯ ባለ የቡና ጣሳ ውስጥ ተጠራቅመዋል። ሰውየው ሲያየኝ አላፈረም፤ ይልቅስ ገረመው። «ካፕል ኦፍ ዴይስ ብዬህ ነበር እኮ!» አለኝ። እኔ ልወቅሰው ያዘጋጀሁትን ቃል እሱ ቀድሞኝ ተናገረው።

መኪናዬን ሐሙስ ከሰዓት አስረከበኝ። በእሱ አቆጣጠር ቀኑን አላሳለፈም። ከዚያ ወዲህ በትርጉም ሥራ ስኖር ይህችን ሐረግና ዘመዶቿን ስከታተል ቆይቻለሁ። የአገሬ ልጆች ደጋግመው ሲሳሳቱባቸው ያየኋቸውን ነጥቦች ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

«ካፕል ማለት ሁለት ነው፤ አለቀ»

ሥሩ ሁለት መሆኑ እውነት ነው። ቃሉ የመጣው ማሰሪያ የሚል ትርጉም ካለው «ኮፑላ» ከተባለ የላቲን ቃል ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ስለ ሰዎች ሲነገር ማሰሪያው ዛሬም ጠብቋል፤ «ዘ ካፕል» ሁለት ፍቅረኞች ወይም ባልና ሚስት እንጂ ሦስት ሰው ሆኖ አያውቅም። ጊዜ ሲከተለው ግን ይላላል። «ኤ ካፕል ኦፍ ዴይስ» ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል፣ ሦስትም ሊሆን ይችላል። «የዛሬ ካፕል ኦፍ ይርስ» ብሎ ያለፈ ነገር የሚያወራልህ ሰው ሦስት ዓመት አልፎት ቢገኝ ማንም ውሸታም አይለውም።

እኛም ያው ልማድ አለን። «አንድ ሁለት ቀን ታገሰኝ»፣ «ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል» እንላለን፤ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጠን ቁርጡን ሳንናገር እናልፋለን። ለዚህ ነው «ካፕል ኦፍ ዴይስ»ን «ሁለት ቀናት» ብሎ የሚያስቀምጥ ትርጉም የሚያሳዝነኝ። ተናጋሪው ሆን ብሎ ክፍት የተወውን በር ተርጓሚው ዘግቶበታል። «ሁለት ሦስት ቀን» ቢባል እንግሊዝኛው የያዘውን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

አንድ መለያ ልንገራችሁ። የሚቆጠረው ነገር ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕቃ ከሆነ «ካፕል» ወደ ሁለት ይጠጋል። «የሲኒማ ካፕል ቲኬት ግዛልኝ» ያለህ ሰው ሁለት ቲኬት ይጠብቃል፤ ሦስት ብትገዛ ሦስተኛው ለማን ነው ብሎ ይጠይቅሃል። ጊዜ ግን ማንም በእጁ ስለማይረከበው ይለጠጣል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው በዚህ አይስማሙም። ሁለት እንጂ ሌላ አይደለም ብለው ድርቅ የሚሉ አሉ፤ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሐረጉን የሰማ ሰው የተናጋሪውን ጠባይም ማወቅ ሊኖርበት ነው።

ይህን የተረዱ አንዳንዶች ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሄዳሉ፦ «እንግዲያው የፈለግኩትን ያህል መቆየት እችላለሁ ማለት ነው።» አይቻልም። «ካፕል ኦፍ ዴይስ» ብለህ በስድስተኛው ቀን ብቅ ካልክ አርፍደሃል። ሐረጉ ይለጠጣል እንጂ ልክ የለውም አልተባለም።

««ኦፍ»ን የሚጥሉት ያልተማሩ ናቸው»

አይደሉም። «ኤ ካፕል ዴይስ» በአሜሪካ የዕለት ንግግር የተለመደ ነው፤ የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል። ለእንግሊዛውያን ጆሮ እንግዳ ነው፤ በመደበኛ ጽሑፍም «ኦፍ» ብትኖር ይመረጣል። ልዩነቱ ይህን ያህል ብቻ ነው።

«ካፕል ሁለት፣ ፊው ሦስት፣ ሰቨራል ከዚያ በላይ»

ይህ መሰላል በብዙ የእንግሊዝኛ ክፍሎች ይነገራል፤ ቅደም ተከተሉ በጥቅሉ ልክ ቢሆንም ቁጥሩን የደነገገ ማንም የለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን ከ«ፊው» በፊት የምትቀመጠው «ኤ» ናት። አማርኛ እንዲህ ያለ መስተአምር (አርቲክል) ስለሌለው ጆሯችን ትንሿን ድምፅ ይዘላታል። እሷ ከወደቀች ትርጉሙ ይገለበጣል። «አይ ሃቭ ኤ ፊው ሚኒትስ» ካልክ «ጥቂት ደቂቃ አለኝ፣ እንነጋገር» ብለሃል። «አይ ሃቭ ፊው ሚኒትስ» ካልክ ግን «ያለኝ ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ብለሃል። የመጀመሪያው ወንበር ያቀርባል፣ ሁለተኛው በር ያሳያል። ሊያስተናግድ ፈልጎ እንግዳውን ያባረረ ስንት ቅን ሰው አለ!

«ኳይት ኤ ፊው» የሚባለው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል፤ ቃል በቃል ሲታይ «በጣም ጥቂት» ቢመስልም ትርጉሙ «በርከት ያለ» ነው።

««ኢን ቱ ዴይስ» ማለት በሁለት ቀን ውስጥ ነው»

በዚህ ስህተት ቀጠሮ ይፈርሳል። «አይል ቢ ባክ ኢን ቱ ዴይስ» ያለ ሰው ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ይመለሳል፤ ዛሬ ሰኞ ከሆነ ረቡዕ ማለቱ ነው። «በሁለት ቀን ውስጥ» ብለን ስንሰማው ማክሰኞም በሩን እናንኳኳለን። እኛ የምንለውን «ውስጥ» የሚይዘው ሌላ ቃል ነው፤ «ዊዝኢን ቱ ዴይስ» ሲባል ከረቡዕ ሳያልፍ፣ ማክሰኞም ቢሆን ማለት ነው።

ማደናገሪያው «ኢን» ሁለተኛ ሥራም ያለው መሆኑ ነው። አንድ ሥራ የፈጀውን ጊዜ ሲነግሩን፣ ለምሳሌ ቤቱን «በሁለት ቀን ቀባሁት» ለማለት፣ ያንኑ «ኢን» ይጠቀማሉ። እዚህ ላይ የአማርኛው «በ» ልክ ይገጥማል። እንግዲህ ግሡን ማየት ነው፤ መምጣትና መመለስ ከሆነ «ከ... በኋላ»፣ ጀምሮ መጨረስ ከሆነ «በ...»።

««ኢን ኤ ሚኒት» ስልሳ ሰከንድ፣ «ዋን ሞመንት» ደግሞ ልክ የሌለው ጊዜ ነው»

የመጀመሪያው ስህተት መሆኑን ስልክ ላይ ሙዚቃ እየሰማ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። የሁለተኛው ታሪክ ግን ያስደንቃል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሞመንት መለኪያ ነበር። ቢድ የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴ በ725 ዓመተ ምሕረት ግድም በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ዘመን አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ አንድ ሰዓትን በ40 ሞመንት ይከፍለዋል። በዛሬ ስሌት 90 ሰከንድ ማለት ነው። ሰዓቱ የሚለካው በፀሐይ ጥላ ስለነበርና የቀኑ ሰዓት በአውሮፓ ሞቃት ወራት ረዝሞ በቀዝቃዛዎቹ ስለሚያጥር፣ ሞመንቱም አብሮት ይረዝምና ያጥር ነበር። «ሚኒት»ም ከላቲን «ትንሽ ክፍል» የመጣ ነው፤ «ሰከንድ» ደግሞ «ሁለተኛው ትንሽ ክፍል»፣ ማለትም ሰዓት አንዴ ተከፍሎ እንደገና ሲከፈል የሚገኘው። ሁለቱ የመለኪያነት ቦታቸውን ሲይዙ ሞመንት ግን ከሥራው ወጥቶ «አንዴ ጠብቁኝ» ለሚሉ ሰዎች ቀረ።

ከሞመንት የተወለደችው «ሞመንተሪሊ»ም ትፈትናለች። አሜሪካዊ አብራሪ «ሞመንተሪሊ እናርፋለን» ሲል ከአፍታ በኋላ ማለቱ ነው። በእንግሊዛዊው የቆየ አነጋገር ግን ቃሉ «ለአፍታ ያህል» ማለት ስለሆነ፣ መሬት ነክቶ ወዲያው የሚነሣ አውሮፕላን ሊመስል ይችላል።

«ፎርትናይት 15 ቀን ነው»

14 ነው፤ ስሙ ራሱ በጥንታዊ እንግሊዝኛ «አሥራ አራት ሌሊት» ነው። የጥንት ጀርመን ነገዶች በቀን ፈንታ በሌሊት ይቆጥሩ እንደነበር ሮማዊው ታሲተስም ጽፏል። የእኛ 15 የሚመጣው ዛሬን ጨምረን ስለምንቆጥር ነው፤ «የዛሬ ስምንት» አንድ ሳምንት፣ «የዛሬ አሥራ አምስት» ሁለት ሳምንት ነው። በጨዋታ መካከል «አሥራ አምስት ቀን» ብሎ መተርጎም ያምራል። በውል ላይ ግን 14 ተብሎ ይጻፍ፤ በአንድ ቀን ልዩነት ኪራይ ይቆጠራል።

«ፈረንጅ በጊዜ ቃሉ አይቀልድም፤ የሚዋልለው የሐበሻ ቀጠሮ ነው»

ይህን አባባል እንደ ስድብ ለራሳችን ስንደጋግመው ይቆጨኛል። የእንግሊዝኛ ቃላት ታሪክ ሌላ ነገር ይመሰክራልና። «ሱን» ዛሬ «በቅርቡ» ማለት ነው፤ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ግን «አሁኑኑ» ማለት ነበር። «ፕረዘንትሊ» በአንድ ዘመን «ወዲያው» ነበር፤ በኋላ «ቆየት ብሎ» ሆነ። «አነን»ም «ባይ ኤንድ ባይ»ም ያንኑ መንገድ ሄደዋል። ሰው «አሁኑኑ» እያለ ሲቆይ፣ ሲቆይ፣ ቃሉ ራሱ ከመቆየቱ ጋር ተላምዶ ትርጉሙን ለወጠ። ይህ የአንድ ሕዝብ ሳይሆን የሰው ሁሉ ጠባይ ነው።

በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ ነገሩ እስከ ዛሬ ጎልቶ ይታያል። «ጀስት ናው» ሌላ አገር «አሁን ገና» ወይም «በዚህች ቅጽበት» ሲሆን፣ እዚያ ግን «ቆየት ብዬ» ነው። ፈጠን ማለት የፈለገ «ናው ናው» ይላል። ጆሃንስበርግ ከተማ በልማድ ጄፒ በሚባለው መንገድ ላይ ሱቅ የከፈተ የአገሬ ልጅ ደንበኛው «ጀስት ናው እመለሳለሁ» ብሎት ከወጣ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጥለትና ሌላውን ደንበኛ ያስተናግድ። ሰውየው ይመለሳል፤ ምናልባት ከምሳ በኋላ።