የመኪና የፍሬን ዘይት፦ ምንነቱ፣ በቤት ውስጥ ምርመራውና አቀያየሩ

የፍሬን ዘይት ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የሚፈጠረውን ግፊት ተቀብሎ ወደ አራቱም ጎማዎች የሚያደርስ ፈሳሽ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ፈሳሹን ይገፋል፤ ፈሳሽ በቀላሉ ስለማይጨመቅ ግፊቱ በብረት ቧንቧዎችና በጎማ ቱቦዎች በኩል አልፎ የፍሬን ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። በአራቱም ጎማዎች ላይ በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ተገጥሞላቸው ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ የቤት መኪኖች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው የአሜሪካው ዱሰንበርግ ሞዴል ኤ ነው። በቀደመው ዘመን ለዚህ ሥራ ይውል የነበረው ፈሳሽ በአብዛኛው የጉሎ ዘይትና የአልኮል ድብልቅ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ የሚገኘው ግን ከግላይኮል ኤተር የሚሠራ ኬሚካል ሲሆን፣ ከሞተር ዘይትም ሆነ ከካምቢዮ ዘይት ጋር ዝምድና የለውም።

ይህ ፈሳሽ ዋና ጠባዩ እርጥበት መሳቡ ነው። በማጠራቀሚያው ክዳን መተንፈሻና በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳ በኩል ከአየር ላይ ውኃ እየሳበ ወደ ራሱ ይቀላቅላል። ውኃው በፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ መቅረቱ አንድ ጥቅም አለው፤ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ቧንቧውን ከማዛግ ወይም በብርድ ከመርጋት ይጠብቃል። ጉዳቱ ግን ከዚህ ይበልጣል፤ የውኃው መጠን በጨመረ ቁጥር ፈሳሹ የሚፈላበት የሙቀት ደረጃ እየወረደ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ብረትን ከዝገት የሚከላከሉት ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ያልቃሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች መኪናው ብዙ ቢነዳም ባይነዳም ፈሳሹ በየ2 ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር ያዝዛሉ።

ደረጃዎቹ ዶት በሚል መጠሪያ የሚታወቁ ሲሆን የመነጩትም ከአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ነው። ደንቡ ለእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ዝቅተኛ የመፍያ ነጥቦችን ያስቀምጣል፤ አንደኛው ፈሳሹ አዲስና ደረቅ ሳለ፣ ሁለተኛው 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ከሳበ በኋላ የሚለካ ነው። ዶት 3 ደረቅ ሲሆን ቢያንስ 205፣ እርጥበት ሲስብ ቢያንስ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ መቋቋም አለበት። ዶት 4 በቅደም ተከተል 230 እና 155፣ ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ይጠበቅባቸዋል። እነዚህ ሦስቱ የግላይኮል ዘሮች በመሆናቸው ቢቀላቀሉ ፍሬኑን ወዲያው አያበላሹም፤ ሆኖም ድብልቁ የዝቅተኛውን አቅም ወደመያዝ ስለሚያዘነብል በማስተር ሲሊንደሩ ክዳን ላይ የተጻፈውን ደረጃ መከተል ይመረጣል። ዶት 5 ግን ከሲሊኮን የሚሠራ የተለየ ፈሳሽ ነውና ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም። ከሁሉ የከፋው ስህተት በማጠራቀሚያው ውስጥ የሞተር ዘይት መጨመር ነው። እንዲህ ያለው የማዕድን ዘይት በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያሳብጣቸዋል፤ ይህ የደረሰበት መኪና ቧንቧው ከመታጠቡም በላይ ዘይቱ የነካቸው የጎማ ማሸጊያዎችና ቱቦዎች በሙሉ መቀየር አለባቸው።

የመፍያ ነጥብ መውረድ አደጋ የሚሆነው በረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል፤ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ካልያዘው፣ የመኪናው ክብደት የሚፈጥረው ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል በዲስኩና በሸራው ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ በፒስተኑ በኩል ወደ ፈሳሹ ይገባል። ያረጀው ፈሳሽ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ከፈሳሽ በተለየ መልኩ ይጨመቃል። ስለዚህ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ ምንም ሳይገታው ወለል ድረስ ይሰምጣል። ብዙ ጊዜ ፍሬን በጠሰ ከሚባሉት አደጋዎች መካከል ምንም ነገር ሳይበጠስ በዚህ መንገድ የሚደርሱ አሉ፤ መኪናው ከቆመና ከቀዘቀዘ በኋላ ሲመረመር ፍሬኑ ጤነኛ መስሎ ሊገኝም ይችላል። በደጋ ሀገር ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ማንኛውም ፈሳሽ ቀድሞ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑ የዚሁ ውጤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሥር የሰደደ ልማድ ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባም። በየጋራዡ የፍሬን ዘይት «ታየ» የሚባለው ኮፈኑ ተከፍቶ መጠኑ ሲታይና ከጎደለ ሲሞላ ነው። መሙላት ግን መቀየር አይደለም። ያረጀው ፈሳሽ በጎማዎቹ ዘንድ እንዳለ ይቀራል፤ ሙቀት የሚያገኘው ደግሞ ያ ነው እንጂ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው አይደለም። ከዚህም በላይ መጠኑ መጉደሉ ራሱ መልእክት አለው። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ስለሚወጡ መጠኑ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ድንገት ከወረደ ደግሞ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ምክንያቱን ሳይመረምሩ መሙላት ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት ይሆናል፤ አዲስ ሸራ ሲገባም ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ሲመለሱ የተጨመረው ፈሳሽ ሞልቶ ይፈስና ቀለም ይልጣል።

በቤት ውስጥ ከሚደረጉት ምርመራዎች ቀላሉ በዓይን ማየት ነው። አዲስ ፈሳሽ ጥርት ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሲሆን የጠቆረው ያረጀ ወይም ከጎማ ብናኝ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥርት ያለ ፈሳሽም ብዙ ውኃ ሊኖረው ስለሚችል ቀለም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ ሁለት ትናንሽ የብረት ጫፎቹ በፈሳሹ ውስጥ ተነክረው የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙን ይለካና የውኃውን መጠን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መብራት ይገምታል። የተለያዩ ፈሳሾች ከጅምሩ የተለያየ የማስተላለፍ አቅም ስላላቸው ግምቱ ሊሳሳት ይችላል፤ ቀይ ሲበራ መቀየር ተገቢ ነው፣ አረንጓዴ ሲበራ ግን ጊዜው ያለፈበትን ፈሳሽ ለማቆየት ምክንያት አይሆንም። በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ መዳብ መኖሩን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ የወረቀት ቁራጭም አለ፤ እሱ የሚናገረው ስለ ዝገት መከላከያው ማለቅ ነው። ከሁሉ የሚታመነው ፈሳሹን በትክክል አፍልቶ የሙቀት ደረጃውን በቁጥር የሚያሳየው መሣሪያ ነው፤ ዋጋው ከፍ ስለሚል በአብዛኛው የሚገኘው በጋራዥ ነው። ናሙናው ከማጠራቀሚያው ብቻ ሳይሆን ከአንዱ ጎማ ቢቀዳ ውጤቱ ለእውነት የቀረበ ይሆናል።

አቀያየሩ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በሚበዙት እንደ ቶዮታ ኮሮላ ባሉ መኪኖች ላይ ለሁለት ሰው የሚመች ሥራ ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ታኮ ከተደረገለት በኋላ በክሪክ ይነሳል፤ ክሪክ ሊንሸራተት ስለሚችል በጠንካራ የብረት መደገፊያ ሳያስደግፉ ከሥሩ መግባት አይገባም። በመጀመሪያ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው አሮጌ ፈሳሽ በሲሪንጅ ተመጦ ከታሸገ ዕቃ በተከፈተ አዲስ ፈሳሽ ይተካል። ከዚያም በተለምዶ ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፤ መሪው በግራ በሆነ መኪና የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻም የፊት ግራ ይሠራል። አንዳንድ መኪኖች ሌላ ቅደም ተከተል ስላላቸው የመኪናውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ያለው የአየር ማውጫ ብሎን የአቧራ መከላከያ ጎማው ተነሥቶ ይጠረጋል፤ ልኩ የሆነ ቁልፍ ከገባበት በኋላም ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ይሰካበታል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ጥቂት ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። መሪው ጋ የተቀመጠው ሰው «ርገጥ» ሲባል ፔዳሉን በእርጋታ ይረግጥና «ያዝኩ» ይላል፤ ከታች ያለው ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ሲያላላው ጠቆር ያለው ፈሳሽ ከአረፋው ጋር በቱቦው ይወርዳል፤ ብሎኑ ተመልሶ ሳይጠብቅ ግን «ልቀቅ» አይባልም፤ ፔዳሉ ቀድሞ ከተለቀቀ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ባረጁ መኪኖች ፔዳሉን ወለል ድረስ መርገጥ አደገኛ ነው፤ በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የጎማ ማሸጊያ ለዓመታት ደርሶበት የማያውቀውን የዛገ ክፍል ሲነካ ሊቀደድ ስለሚችል ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ማድረግ ብልህነት ነው። ሥራው የሚደገመው በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጥርት ብሎ አረፋው እስኪጠፋ ነው። በየመሀሉ ማጠራቀሚያው ከዝቅተኛው መስመር በታች እንዳይወርድ መሙላት ግድ ነው፤ ባዶ ከሆነ አየር ገብቶ ልፋቱ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ለአንድ የቤት መኪና 1 ሊትር በአብዛኛው ይበቃል። ብሎኑ ባዶና ቀጭን ስለሆነ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይሰበራል።

ሲጠናቀቅ ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑ፣ በየብሎኑም ፍሳሽ አለመኖሩ ይረጋገጣል፤ የመጀመሪያው ሙከራም ሰው በሌለበት ቦታ በዝግታ ይደረጋል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከላላ አየር ቀርቷል። እየተረገጠ ሳለ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ የሚያፈስ ቦታ ወይም ያለቀ ማስተር ሲሊንደር ስላለ መኪናው ከቦታው መነቃነቅ የለበትም።

የቤት ሥራ ወሰን አለው። አየር ወደ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ወደሚከላከለው ሥርዓት) ሳጥን ከገባ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ፍሬን ባላቸው ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪኖችም ላይ ሥራው ለባለሙያ መተው አለበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ይታያሉ፤ ሞተራቸው ራሱ ፍጥነት ስለሚቀንስ ሸራቸው ቶሎ አያልቅም፣ ፈሳሹ ግን እንደማንኛውም መኪና እርጥበት ይስባል።

ፈሳሹ መርዛማ ሲሆን የመኪና ቀለምንም ስለሚበላ፣ የነካው ቦታ ወዲያው በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት። ዓይን ውስጥ ከገባ በውኃ ደጋግሞ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። የተቀዳው አሮጌ ፈሳሽ ተመልሶ ጥቅም ላይ አይውልም፤ ወደ ቦይ ወይም ወደ መሬትም አይደፋም። ልጆች በማይደርሱበት ዕቃ ታሽጎ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጣል፤ ጋራዡ ከሞተር ዘይት ለይቶ ማስቀመጥ እንዲችል ምንነቱ በዕቃው ላይ ይጻፋል። ተከፍቶ የተረፈው አዲስ ፈሳሽም እርጥበት መሳብ ስለሚጀምር ለሚቀጥለው ቅየራ አይቀመጥም።