የሐሩር ክልል ደን በኮምፒውተር ሞዴል ሲታይ

በሐሩር ክልል ደን ውስጥ ያለ ትልቅ ዛፍ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የሚያጠናው ሰው ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም። ደኑ ወደፊት ምን እንደሚሆን ለመገመት ተመራማሪዎች የኮምፒውተር ሞዴል የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ሞዴሉ የዛፎችን መብቀል፣ ማደግ፣ መሻማትና መሞት በሒሳብ ቀመር የሚከታተል ፕሮግራም ነው።

ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ የሆነው ጃቦዋ ነው። የተሠራው ለሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ደን ቢሆንም ሐሳቡ ብዙ ርቀት ተጉዟል። ደኑን በትናንሽ ቁራሽ መሬቶች ይከፋፍላል። ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ብርሃን ወደ መሬት ይገባል፤ በሥሩ ያሉ ችግኞች ሽቅብ ይሽቀዳደማሉ፤ ቀድሞ የረዘመው ሌሎቹን ያጠላባቸዋል። በኋላ በጀርመን የተሠራው ፎርሚንድና መጀመሪያ ለፈረንሳይ ጊያና ደን የተዘጋጀው ትሮል ይህንን አካሄድ ወደ ሐሩር ክልል አመጡት።

እዚያ ግን ራስ ምታቱ የዝርያው ብዛት ነው። በኢኳዶር ያሱኒ፣ በ25 ሄክታር ላይ ብቻ ከ1,100 በላይ የዛፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ብዙዎቹ በጣም ጥቂት ስለሆኑ የእያንዳንዳቸውን ጠባይ ለክቶ ለሞዴሉ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ብርሃን ወዳድ፣ ጥላ ቻይ፣ ረጅም፣ አጭር እየተባለ ዝርያዎቹ በቡድን ይጠቃለላሉ። ሥራው ይቀላል፤ ልዩነታቸው ግን ይጠፋል።

ሞዴል ያለ ልኬት ባዶ ነው። በዚህ በኩል በጣም የታወቀው ቦታ የፓናማው ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በ50 ሄክታር ላይ፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ግንድ ሁሉ ይለካል። ቆጠራው አብዛኛውን ጊዜ በየአምስት ዓመቱ ይደገማል። ግንዶቹ ከ200,000 በላይ ናቸው። ይህን የሚሠሩ ሰዎች ትዕግሥት የሚገርም ነው።

እድገትን መቀመር ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ሞት ነው። ዛፍ በአንድ ምክንያት ብቻ አይሞትም፤ ድርቅ ያደክመዋል፣ ሐረግ ይጫነዋል፣ ንፋስ ይጥለዋል። በብራዚል ካሺዋና ደን ተመራማሪዎች የዝናቡን ግማሽ ያህል በፕላስቲክ ጣሪያ ከአፈሩ ከለከሉ። ከዓመታት በኋላ በብዛት የሞቱት ትልልቆቹ ዛፎች ነበሩ። ብዙ ሞዴሎች ይህንን በትክክል ማሳየት አቅቷቸዋል። አዳዲሶቹ ድርቅ ሲጠና በግንዱ ውስጥ የሚወጣው ውኃ እንዴት እንደሚቋረጥ ማስላት የጀመሩት እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ጉዳዩ የዓለም አየር ንብረት ጉዳይም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የብሪታኒያ ሳይንቲስቶች ባወጡት ስሌት የአማዞን ደን ሰፊ ክፍል በዚህ ምዕተ ዓመት ሊደርቅ እንደሚችል ታየ። ብዙ ሰው ደነገጠ። በኋላ የመጡ በርካታ ሞዴሎች ግን ይህን ያህል አላስፈራሩም። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ዛፎች ምን ያህል ይጠቀማሉ የሚለው ግምት ነው። ጭማሪው ፎቶሲንተሲስን፣ ማለትም ተክሎች በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበትን ሂደት ያግዛል፤ ሆኖም አብዛኛው የአማዞን አፈር ለእድገት የሚያስፈልገው ፎስፈረስ ያጥረዋል። ፎስፈረስን ያካተቱ ሞዴሎች ያነሰ እድገት ያሳያሉ። የትኛው ግምት ወደ እውነቱ እንደሚጠጋ ለማየት፣ በብራዚል ማናውስ አቅራቢያ በደኑ ውስጥ ክብ ሠርተው የሚቆሙ ማማዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዛፎቹ ላይ እንዲለቁ ታቅዶ ሙከራ ተዘርግቷል።