ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ጋር አብሮ የሚሄደው ማነው? ስለ ግንድ ሰርሳሪ ነፍሳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዛፍ ከጫፉ ጀምሮ ሲደርቅ ብዙዎቻችን «ውሃ አጥቶ ነው» ብለን እናልፋለን። እስቲ ጠጋ ብላችሁ ግንዱን እዩት። ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ከሥራቸው የፈሰሰ ሰጋቱራ ካለ፣ ሰርሳሪ ጥንዚዛ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። በተለይ ከሌላ አህጉር የመጣው ዓይነት ከባድ ነው፤ አዲሱ ቦታ ላይ የሚመክተው የለም።

«ዛፉ ከተቆረጠ ነፍሳቱም አብረው ያልቃሉ»

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባለውን ከምሥራቅ እስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ እንውሰድ። እጩ (ገና ክንፍ ያላወጣው ትል) ከቅርፊቱ ሥር እየተጠማዘዘ ይቦረቡራል፤ ዛፉ ምግቡን የሚያመላልስበትን መስመር ይበጥሳል። ዛፉ ቢቆረጥም እጩ እዚያው ፍልጡ ውስጥ እድገቱን ጨርሶ በክንፉ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ከታወቀ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ አሽ የሚባሉ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎችን ፈጅቷል። በራሱ ክንፍ ያን ያህል አልሄደም፤ ማገዶ ጭነው የሚጓዙ ሰዎች ናቸው ያደረሱት።

«ዛፉን የሚገድለው እንጨቱ ስለሚበላ ነው»

ሁሌ አይደለም። ሾት ሆል ቦረር የሚባለው ጥንዚዛ ርዝመቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። እንጨት አይበላም። ፈንገስ ይዞ ይገባል፣ በቆፈረው ዋሻ ግድግዳ ላይ ያበቅለዋል፣ እሱኑ ይመገባል። ዛፉን የሚያንቀውም ፈንገሱ ነው፤ የውሃ ቧንቧውን ይዘጋበታል። ሴቷ ከመውጣቷ በፊት እዚያው ከወንድሟ ጋር ትዳቀላለች። ስለዚህ አንዲት ጥንዚዛ፣ አንዲት ብቻ፣ አዲስ ሰፈር ለመመሥረት ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ2021 አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ ከተገኘች በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ እንጨትና የጓሮ ቆሻሻ ከአካባቢው እንዳይወጣም ገደብ ተጥሏል።

«መድኃኒት ቢረጭበት ይለቃል»

ነፍሳቱ ያሉት እንጨቱ ውስጥ ነው። ከላይ የተረጨው አብዛኛውን ጊዜ አይደርስባቸውም።

«ቅጠላ ቅጠልና ጭራሮ ተከምሮ ቢበሰብስ ምን ችግር አለው?»

እንደ አያያዙ ነው። የኮኮናት ራይኖሰረስ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2013 ሃዋይ ውስጥ ተገኝቷል። ያደገው ጥንዚዛ የዘንባባን እምብርት ይበሳል፤ እጩ ግን የሚያድገው በበሰበሰ የዕፅዋት ክምር ውስጥ ነው። ችላ የተባለ ክምር መፈልፈያው ይሆናል። ብስባሽ በደንብ ሲሠራ ውስጡ ይግላል፣ ሙቀቱም እጩን ይገድላል። ጠርዙ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ እየተገላበጠ ወደ መሀል መግባት አለበት።

«የታመመውን ዛፍ ወስዶ ሩቅ መጣል ይሻላል»

ሩቅ ያለውን ጤነኛ ዛፍ ማስያዝ ነው የሚሆነው። የተጠቃ እንጨት እዚያው በተቆረጠበት ቢቀር ይመረጣል። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ባነሰ መጠን ሲከተፍ አብዛኞቹ ነፍሳት አይተርፉም። መክተፊያ ማሽን ከሌለ ክምሩን በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ሸፍኖ ፀሐይ ላይ ለሳምንታት መተው ነው። ፕላስቲኩ ከተቀደደ ግን ሳይውል ሳያድር መደፈን አለበት፤ ለእነሱ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሰፊ በር ነው።