ከኦፕራሲዮን በፊት የሚሰላው የሳንባ ስጋት ምንድን ነው?

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፣ በሦስተኛው ቀን ግን ትኩሳትና ትንፋሽ ማጠር መጣ። ምንጩ ሳንባ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ተንጋሎ ጡንቻው ሲዝል የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር ያጥረውና ይጨማደዳል። ከነቃ በኋላ ደግሞ፣ በተለይ የተቀደደው ከእምብርት በላይ ወይም ደረቱ ላይ ከሆነ፣ ስለሚያመው በደንብ አይተነፍስም፣ አይስልም፣ አክታው እዚያው ይቀራል፣ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል።

ማን ላይ እንደሚብስ አስቀድሞ መገመቻ አለ። አንዱ አሪስካት ይባላል፤ ካታሎኒያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ነው። ዕድሜን፣ የደም ኦክስጅንን፣ ባለፈው ወር የደረት ኢንፌክሽን መኖሩን፣ ደም ማነስን፣ የሚቀደደውን ቦታ፣ የሚፈጀውን ሰዓትና ድንገተኛ መሆኑን አይቶ ነጥብ ይሰጣል። ከ26 በታች ዝቅተኛ ስጋት ነው፣ እስከ 44 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ለጤነኛ ሰው 93 በመቶ ቢያሳይ ብርቅ አይደለም። አሪስካት ግን ከ91 እስከ 95 ላለው 8 ነጥብ ይቆጥርበታል። የሐሞት ጠጠር በአጭር ኦፕራሲዮን ሊወጣላቸው የመጡ የ60 ዓመት እናት አሉ እንበል። ለዕድሜያቸው 3፣ ላይኛው ሆዳቸው ስለሚቀደድ 15፣ ድምሩ 18፣ ዝቅተኛ። የኦክስጅኑ 8 ሲጨመር 26 ሆኖ መካከለኛ ገቡ፣ ሳንባቸው ምንም ሳይሆን! ስለዚህ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነም መጠየቅ አለበት። በአንጻሩ ቁና ቁና የሚተነፍስን ሰው «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ሲጋራና የቤት ጭስ አሪስካት ነጥብ ከሚሰጥባቸው ውስጥ የሉም። ዕድሜ ልካቸውን በኩበት ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች የቆየ ሳላቸውን «የጭስ ነው» ብለው ይተዉታል። እባካችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ባለፈው ወር ትኩሳት ኖሮት አንቲባዮቲክ ያስወሰደ የደረት ኢንፌክሽን ደግሞ ብቻውን 17 ነጥብ ነው። ቀጠሮዬ ያልፈኛል ብሎ የሚደብቅ አለ። ድንገተኛ ካልሆነ ገፋ አድርጎ መጀመሪያ መዳን ይሻላል።

አስታማሚዎችም፣ «ተዉት ይረፍ» የምንለው ከፍቅር ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ መንጋለል ሳንባውን ይጎዳዋል። ቀና አድርጉት፣ ትራስ ቁስሉ ላይ ይዞ ይሳል፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ደግፋችሁ አራምዱት።