የድሮ መስል ካር ይታደስ ወይስ ይሻሻል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስል ካር የሚባለው መካከለኛ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር ተጭኖ የተሠራ የአሜሪካ መኪና ነው። ጀነራል ሞተርስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ የሆነ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የኩባንያው የፖንቲያክ ክፍል መሐንዲስ ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ ለ1964 ሞዴል ባለ 389ኙን (6.4 ሊትር) ሞተር የፖንቲያክ ቴምፐስት ሌማን «ተጨማሪ ዕቃ» ብለው ክልከላውን ዘለሉት። ጂቲኦ እንዲህ ተወለደች፤ ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉ። ዛሬ ከነዚያ መኪኖች አንዷን የገዛ ሰው ምክር አያጣም፤ «እንደነበረች መልሳት» የሚለው አለ፣ «አዲስ ሞተር ጫንባት» የሚለውም አለ። ከምክሩ ብዙው ግን መኪናዋ ምን እንደሆነች ሳይታወቅ የሚሰጥ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኤስኤስ የሚል ምልክት አላት፤ ስለዚህ ኤስኤስ ናት»

ኤስኤስ (ሱፐር ስፖርት) ሼቭሮሌት ለፈጣን ሞዴሎቹ የሰጠው ስም ነው፤ ምልክቱን ግን ማንም ገዝቶ ይለጥፈዋል። የሼቭሮሌት መካከለኛ መኪና የሆነችው የ1970 ሼቬል ሻንሲ ቁጥር ቪ8 ሞተር እንደነበራት ይናገራል እንጂ ኤስኤስ መሆኗን ወይም 454 ሞተር ይዛ መውጣቷን አይናገርም። ሼቭሮሌት የሞተሩን ዓይነት በሻንሲ ቁጥሩ ውስጥ ማስገባት የጀመረው ከ1972 ሞዴል ወዲህ ነው። የ1964 እና የ1965 ጂቲኦም እንደዚያው ናት፤ ራሷን የቻለች ሞዴል ሆና ቁጥሯ በ242 መጀመር የቻለው በ1966 ነው። ክራይስለር ግን ሥራችንን አቅልሎልናል፦ የ1970 ፕሊመዝ ኩዳ ሻንሲ ቁጥር አምስተኛው ምልክት «አር» ከሆነ ከፋብሪካ የወጣችው 426 ሄሚ የሚባለውን የክራይስለር ኃይለኛ ሞተር ይዛ ነው።

ቁጥሩ ካልበቃ ወረቀት ይፈለጋል። በፋብሪካው ሠራተኞች ሲገጥሙ የሚያነቡት ቢልድ ሺት የሚባል ዝርዝር ነበር፤ አንዳንዴ ከወንበር ስፕሪንግ ሥር ወይም ከነዳጅ ታንክ አናት ላይ እንደተረሳ ይገኛል። ስለዚህ አሮጌ ወንበር ሲፈታ የሚወጣ ቆሻሻ ወረቀት እንዳይጣል። ለፖንቲያክ የፋብሪካውን ደረሰኝ ቅጂ የሚያወጣ ፒኤችኤስ የሚባል ድርጅት አለ። ከ1967 ወዲህ ለተሠሩ ፎርዶች ደግሞ ማርቲ የሚባል ድርጅት የሚያዘጋጀው ሪፖርት አለ።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ነው። ከ1968 ገደማ ወዲህ በሞተሩ ብሎክ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ከፊል ተመትቶ ይገኛል። ብሎኩ ከቀለጠ ብረት የተሠራበት ቀንም ተቀርጿል፤ ያ ቀን መኪናዋ ከተገጠመችበት ቀን በኋላ ከሆነ ሞተሩ የእሷ አይደለም። የተመታውን ቁጥር በማሽን ልጠው ሌላ የሚመቱ አጭበርባሪዎች ስላሉ ገንዘቡ ትልቅ ሲሆን ለባለሙያ ማሳየት ነው። እውነተኛ ሄሚ ወይም ኤልኤስ6 (የ1970 ሼቬል ኃይለኛው 454 ሞተር) ያላት መኪና ከነሞተሯ ከተገኘች እኔ ላሜራዋን አላስቆርጥም። ሞተሯ ድሮ የጠፋ ተራ ማሊቡ (ኤስኤስ ያልሆነች ሼቬል) ከሆነች ግን ባለቤቷ እንደፈለገ ነው፤ የምታጣው ታሪክ የላትም።

«ከፋብሪካ ከወጣችበት የተለወጠች ሁሉ ዋጋዋ ይወድቃል»

ካሮል ሼልቢ በ1965 ከሳን ሆዜ ፋብሪካ የወጡ ሙስታንጎችን ወስዶ እየቀያየረ ጂቲ350 ብሎ ሸጣቸው፤ ዛሬ ከተራ ሙስታንግ ብዙ እጥፍ ያወጣሉ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በካኖንስበርግ ዶን የንኮ የሚባል የሼቭሮሌት ሻጭ ነበር። እሱም ካማሮ ላይ 427 ሞተር ይጭን ነበር፤ የእሱ መኪኖች ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ናቸው። ድሮ በድራግ (በአጭር ቀጥታ መንገድ የፍጥነት) ውድድር ስሟ የታወቀች መኪናም ፎቶዋና ወረቀቷ ካለ የተበሳው ወለሏ ራሱ ታሪኳ ነው። «ወደ ፋብሪካ መልክ» መመለሷ ያንን ያጠፋዋል።

የ1969 ካማሮ ደግሞ ከ240 ሺህ በላይ ተሠርታለች፤ አብዛኞቹ መደበኛ ሞተር የያዙ ነበሩ። እንዲህ ያለችው ላይ የታንቡሮውን ፍሬን አውጥቶ ዲስክ መግጠም ማንንም አያስከፋም፤ ቁልቁለት ላይ ታንቡሮው ግሎ ፔዳሉ ሲከዳ ያየ ሰው እንዲያውም ያመሰግናል። ጉዳቱ ያለው በብየዳና በመቁረጫ በሚሠራው ላይ ነው፦ ሰፊ ጎማ እንዲገባ የጎማ ቤቱን መቁረጥ፣ ለትልቅ ካምቢዮ የወለሉን ዋሻ መሰንጠቅ። በብሎን የገባ በብሎን ይወጣል። የወጣውን ዕቃ ስሙን ጽፎ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም፤ ለሚቀጥለው ገዢ ግን ትልቅ ነገር ነው።

«የታደሰች ካልታደሰች ትበልጣለች»

ስቲቭ ማክዊን በ1968 ለፊልም የነዳት አረንጓዴ ሙስታንግ ጂቲ 390 በጥር 2020 በፍሎሪዳ ኪሲሚ ጨረታ ከነኮሚሽኑ 3.74 ሚሊዮን ዶላር ወጥታለች። ቀለሟ ደብዝዞ፣ ዝገቷም እየታየ ነው የተሸጠችው። ዋጋውን ያመጣው ፊልሙ ነው፤ ግን ያ መልክ በአዲስ ቀለም ተሸፍኖ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ላይ የነበረችው መኪና እሷ ናት ብሎ ማሳመኑ ራሱ ይከብድ ነበር።

በሌላ በኩል የዲትሮይት ፋብሪካዎች ቀለም የሚቀቡት በጥድፊያ ነበር፤ የተንጠባጠበ ቀለም፣ ያልገጠመ በር የተለመደ ነው። መስታወት የመሰለ ቀለም የተቀባች መኪና ጥብቅ የፋብሪካ ይዘት በሚዳኝበት ውድድር ነጥብ ትቀነሳለች።

«የድሮው 365 ፈረስ ነው፤ የአዲሱ ሞተር 430 ብዙም ልዩነት የለው»

አለካኩ ይለያያል። እስከ 1971 ድረስ የሚነገረው ጉልበት ሞተሩ ያለ ጭስ መውጫው ሙሉ መስመርና ያለ አንዳንድ ተቀጥላዎች ለብቻው ተለክቶ ነው፤ ከ1972 ጀምሮ ግን መኪና ላይ እንደሚገጠም ሆኖ ይለካ ጀመር። በ1971 የኤልኤስ5 454 ሞተር በአሮጌው መለኪያ 365፣ በአዲሱ 285 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የ2008 ኮርቬት ኤልኤስ3 ሞተር 430 የሚባለው በአዲሱ መለኪያ ነው። ልዩነቱ 65 ሳይሆን 145 ነው።

«እርሳስ ያለው ቤንዚን ስለቀረ የድሮው ሞተር መውጣት አለበት»

እርሳሱ ሁለት ሥራ ነበረው፦ ኦክቴን (ቤንዚኑ ሲጨመቅ ያለጊዜው እንዳይነድ የሚያደርገውን አቅም) ማሳደግና የጭስ ማውጫ ቫልቭ መቀመጫን ከመበላት መጠበቅ። ሁለተኛው በቀላሉ ይፈታል፤ ቴስታታው ለኦቨርሆል ሲወርድ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ይገባለታል። የመጀመሪያው ይከብዳል፤ ኤልኤስ6 ፋብሪካው የሰጠው መጨመቂያ 11.25 ለ1 ነበር፤ እንዲህ አጥብቆ የሚጨምቅ ሞተር ከፍተኛ ኦክቴን ይፈልጋል። በጥሩ ቤንዚንና በተስተካከለ ታይሚንግ ካልተቻለ ፒስተኑ ዝቅተኛ መጨመቂያ ባለው ይተካል። ከውጭ ምንም አይታይም። ዛሬ ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀለው ኤታኖል (አልኮል) የሚበላቸውን አሮጌ የነዳጅ ጎማዎች ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መቀየር ነው።

«ለቀለም ሲባል የሻንሲ ቁጥር ሰሌዳውን ማንሳት ምንም የለውም»

ካንሳስ ውስጥ በ2017 አንድ የ1959 ኮርቬት ገዢ መኪናውን ለምርመራ ሲያቀርብ ፖሊስ ወረሰበት። ምክንያቱ ቀደም ሲል ስትታደስ ሰሌዳዋ ተነስቶ እንደገና በሪቬት መመታቱ ነው። የሰረቀ ማንም አልነበረም። ሰውየው መኪናዋን ያገኘው የግዛቱ ሕግ በ2022 ከተሻሻለ በኋላ፣ በ2023 ነው። ሰሌዳውን ባለበት ሸፍኖ መቀባት ይቻላል።

«ያረጀች መኪናን ሕግ አይነካትም»

እንደ ግዛቱ ነው። ካሊፎርኒያ ከ1975 ሞዴል በፊት የነበሩትንና የ1975ቱን ከጭስ ምርመራ ነፃ አድርጋለች፤ የ1977 ፖንቲያክ ትራንስ አም ግን ትመረመራለች፤ ስለዚህ ሞተር ከመቀየር በፊት ሞዴሉን ማየት ነው። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ቨርጂኒያ 25 ዓመት የሞላት መኪና የአንቲክ ታርጋ ልታገኝ ትችላለች፤ በዚያ ታርጋ ግን በየቀኑ ሥራ መመላለስ አይፈቀድም፤ ለሽርሽርም ከቤት ከ250 ማይል በላይ መራቅ አይቻልም። በየቀኑ የምትነዳ ከሆነ መደበኛ ታርጋ ይሻላል። ኢንሹራንሱ ላይም ቀድሞ የተስማማችሁበት ዋጋ በውሉ መስፈሩን አረጋግጡ፤ ያለበለዚያ መኪናዋ ብትጋጭ ለሞተሩና ለፍሬኑ ያወጣችሁትን ገንዘብ ገማቹ እንደ ተራ አሮጌ መኪና ነው የሚያየው። ደረሰኞቹና ፎቶዎቹ የሚጠቅሙት እዚያ ላይ ነው።