ስታንድ ምንድን ነው? ዝቅ ያለ መኪናስ እንዴት ይነሳል?

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አሮጌ ሲቪክ ገዛ። የቀድሞው ባለቤት ሞላውን አስቀይሮ መኪናውን መሬት አስልሶታል። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት ዘይት ልቀይር ብሎ ደጅ ላይ አቆመውና ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ክሪኩ ከሥሩ አልገባም አለኝ።»

ስደርስ ዘዴ አግኝቶለት ነበር። አንዱን የፊት ጎማ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አውጥቶ፣ በተገኘችው ክፍተት ክሪኩን ሰዶታል። መኪናው ወደ ጎን አዘንብሎ ቆሟል። እሱ ካርቶን አንጥፎ ሊገባበት ነው።

«ስታንዱስ?» አልኩት።

«የምን ስታንድ?»

ስታንድ ሦስት ወይም አራት እግር ያለው፣ ከፍታው የሚስተካከል የብረት ማቆሚያ ነው። አሜሪካ ያለው ሰው ጃክ ስታንድ ይለዋል። አያነሳም፣ አይገፋም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ክሪክ ያነሳውን መኪና ተቀብሎ መቆም። ዋጋውም ከጥሩ ጫማ አይበልጥም። ያም ሆኖ ቤቱ ክሪክ ኖሮት ስታንድ የሌለው ሰው ስንት ነው!

ክሪኩ ራሱ ለምን አይበቃም? በዘይት የሚሠራውን ክሪክ አስቡት። እጀታውን ስትጫኑ ትንሿ ፒስተን ዘይቱን ወደ ትልቁ ትገፋዋለች። ትልቁ ደግሞ መኪናውን ያነሳል። ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስረዳው ሕግ ነው። ግሩም ነገር ነው፤ በአንድ እጅ መኪና ታነሳላችሁ። ግን መኪናው ከተነሳ በኋላ የያዘው ምንድን ነው? የታፈነ ዘይት ነው። ዘይቱን ያፈነው ደግሞ የጎማ ቀለበትና አንዲት ትንሽ ቫልቭ። ጎማ ያረጃል። ቫልቯ ላይ ቆሻሻ ይቀመጣል። ያኔ ክሪኩ አንዳንዴ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ ደግሞ በአንዴ ይወርዳል። በዚያ ላይ የጋራዡ ክሪክ ከታቹ ተሽከርካሪ እግር አለው። ከግማሽ ቶን በላይ የተሸከመ ነገር ጎማ ላይ ቆሞ እናንተ ከሥሩ ትተኛላችሁ ማለት ነው።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብም በክሪክ የተነሳ ሸክም ወዲያውኑ በሌላ ነገር ይደገፍ ይላል። ክሪኩ ራሱ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ያንኑ ነው የሚለው። ማን ያነበዋል?

ስታንዱ ውስጥ የሚፈስ ነገር የለም። ጥርስ ያለው አምድ አለው፤ አንዲት ምላስ ጥርሱ ውስጥ ገብታ ትይዘዋለች። ሌላው ዓይነት በቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ወፍራም ፒን አለው። በሁለቱም ብረት በብረት ላይ ነው የሚቆመው። ይህም ቢሆን በጭፍን አይታመንም። በ2020 አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ መሣሪያ ሻጭ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ስታንዶች እንዲመለሱለት ጠርቶ ነበር። ማምረቻው ላይ ያለው ቅርጽ ማውጫ አርጅቶ ጥርሱና ምላሱ በደንብ አይነካከሱም ነበር። ስለዚህ ምላሷ እስከ መጨረሻው መግባቷን በዓይን ማየት ነው። ተጨማሪ ፒን ያለው ከተገኘ ደግሞ እሱን መግዛት። የሚችለው ክብደትም ይነበብ፤ አንዳንዱ ላይ የተጻፈው የጥንዱ ነው እንጂ የአንዱ አይደለም።

አሁን ወደ ዝቅታው። አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ ሰው መንገዱን ፈርቶ መኪናውን ከፍ ያስደርጋል። ዝቅ የሚያስደርገው አንድም መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይወዛወዝ ነው፣ አንድም ለማማር። (የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ነው የሚለኝ። እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው።) ተራ የጋራዥ ክሪክ ሙሉ በሙሉ ወርዶም ጭንቅላቱ ከመሬት ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ዝቅ ላለ መኪና የሚሠራው ጠፍጣፋ ዓይነት ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እሱም ቢሆን አንገቱ ይገባና እጀታው ፓራውልቱን ይነካል። ያኔ በትንሽ በትንሹ ስትጫኑ ትውላላችሁ።

የሚሻለው ዘዴ ቀላል ነው፤ መኪናውን በመጀመሪያ በራሱ ጎማ ከፍ ማድረግ። ከጎማው የሰፋ፣ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይዘጋጅ። ሁለቱ ሲደራረቡ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰጣሉ። የላይኛው አጠር ይበል፤ እንደ ደረጃ ይሆናል። ሁለቱን የፊት ጎማዎች እኩል ጣውላቸው ላይ ነድቶ ማውጣት ነው፣ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ እያየ። መኪናው አያዘነብልም፣ ክሪኩም ሰተት ብሎ ይገባል። የልጁ የእግረኛ መንገድ ዘዴ ሐሳቡ ይህ ነበር። ግን አንድ ጎን ብቻ ከፍ ሲል የመኪናው ክብደት ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፣ ክሪኩም አንጋዶ ነው የሚቆመው።

ቀጥሎ ታኮ። ሀገር ቤት መኪና አቀበት ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር የሚወሽቀው ማለት ነው። የእጅ ፍሬን አለኝ እንዳትሉ። በአብዛኛው መኪና የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው የሚይዘው። ኋላው ከተነሳ የያዘው አየር ላይ ያሉትን ጎማዎች ነው። እንደ ሲቪክ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ፓርክ ላይ ሲሆን ደግሞ የሚያዙት የፊቶቹ ናቸው፤ ፊቱ ሲነሳ ያም ሥራ ፈታ። ስለዚህ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ ይግባላቸው። ጎማ የሚፈታም ከሆነ ቡሎኖቹን ከማንሳት በፊት ትንሽ ማላላት ነው።

የት ነው የሚደገፈው? መኪናው እንደፈለጉት አይነሳም። ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማው ኋላና ከኋላ ጎማው ፊት፣ ወደ ታች የወጣች ቀጭን የብረት ጠርዝ አለች። አምራቹ ያጠነከረው ቦታ በሁለት ትናንሽ ቁርጦች ወይም በቀስት ምልክት ይታወቃል። ከዚያ አለፍ ካለ ብረቱ ይታጠፋል። ሌላው በፊት በኩል መሃል ላይ፣ ሞተሩን የተሸከመው ወፍራም አግዳሚ ብረት ነው፤ ቦታውን የመኪናው መመሪያ ያሳያል። የሞተሩ ዘይት መያዣ፣ ካምቢዮው፣ ወለሉና የጎን ፕላስቲኩ ክሪክ አይነካቸውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ። ክሪኩን በሩ ሥር ካለችው ቦታ ከተከላችሁት፣ ስታንዱስ የት ይቁም? ሁለቱም ያችኑ ቦታ ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ክሪኩ መሃል አግዳሚው ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ስታንዶቹ በግራና በቀኝ የጎኑን ቦታ ይወስዳሉ። ጣውላው የሚጠቅመው በተለይ ለዚህ ነው። መሃል አግዳሚው ወደ ውስጥ ሩቅ ነው፣ ካለ ጣውላ አይደረስበትም። የብረቷ ጠርዝ እንዳትጨፈለቅ መሃሉ የተሰነጠቀ ወፍራም ጎማ ስታንዱ ላይ ይደረጋል። አሜሪካኖቹ የበረዶ ሆኪ የሚጫወቱባትን ክብ ጎማ በመጋዝ ሰንጥቀው ይጠቀሙባታል።

ክሪኩ ሲነሳ ክንዱ ግማሽ ክብ እየሠራ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ክሪኩ በጎማዎቹ ትንሽ ወደ መኪናው መንከባለል አለበት። ጠጠር ወይም ሣር ላይ ከሆነ መንከባለል አይችልም፤ ያኔ ጭንቅላቱ ከያዘው ቦታ ይንሸራተታል። ደልዳላ ሲሚንቶ ይፈለጋል። በጠራራ ፀሐይ የለሰለሰ አስፋልት የስታንዱን እግር ስለሚውጥ ሥሩ ሰፊ ጣውላ ይግባ።

ስታንዶቹ እኩል ከፍታ ላይ ከሆኑ በኋላ ክሪኩን ቀስ አድርጎ አላልቶ መኪናውን ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ከመግባት በፊት መኪናውን በእጅ ገፋ ገፋ ማድረግ። የሚወዛወዝ ከሆነ እናንተ ውጭ እያላችሁ ይወዛወዝ። ክሪኩም አይወገድ፤ አግዳሚውን ነካ አድርጎ ይቆይ።

ብሎኬትን እንተወው። ሰፈር ውስጥ መኪና በብሎኬት ወይም በድንጋይ ደግፎ መሥራት የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ። ብሎኬት ግን ቀድሞ አያስጠነቅቅም። ሳይታጠፍ፣ ሳይንቀጠቀጥ በአንዴ ይፈረካከሳል።

ዝቅ ያለ መኪና ሌላም ጣጣ አለው። ለልኩ የተሠራ አጭር ሞላ አለ፣ በመጋዝ የተቆረጠም አለ። የተቆረጠ ከሆነ መኪናው ሲነሳና ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ይላላል፣ ከመቀመጫውም ሊወጣ ይችላል። ከዚያ መኪናው ሲወርድ ጠማማ ይቀመጣል። ከማውረድ በፊት ሞላውን በባትሪ ማየት ጥሩ ነው። በአየር የሚነሳና የሚወርድ መኪና ከሆነ ደግሞ ሲስተሙ እንዲጠፋ መመሪያው የሚለውን መከተል ነው፤ አለበለዚያ ራሱን ላስተካክል ብሎ ይነቃነቃል።

ሀገር ቤት ያለ አንባቢ ይህ አይመለከተኝም እንዳይል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። የእነሱ ባትሪ የተዘረጋው ወለሉ ሥር ነው። ክሪኩ ከተፈቀደለት ቦታ ካለፈ የሚያገኘው ባትሪውን ነው። ጎሚስታ ቤት ስትሄዱ ከመኪናው አጠገብ ቁሙና ቦታውን አሳዩት።

ልጁ በመጨረሻ ዘይቱን ለመቀየር ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ለማንሳትና ለማውረድ አንድ ሰዓት። ከጣውላው ላይ ወደ ኋላ እየነዳ ሲወርድ መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ጋሼ፣ ሞላውን ወደ ድሮው ብመልሰውስ?» አለኝ። እስካሁን አልመለሰውም።